ጣራ ገፍፎ ጨው መጠበቅ

በዚያ ዓመት በመቀሌና በዙሪያዋ ዝናብ የማይለምን ፍጡር አልነበረም። ቄሱ ይለምናል፣ ሼኹ ይለምናል፣ ከብቱም በየሜዳው አንገቱን አንጋጦ በራሱ ቋንቋ ይለምናል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል "ጌታዬ ሆይ፣ እባክህ ጥቂት ቀን ብቻ አቆየው" የሚል አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ሙሉውን አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን ጫፍ ጫፉን ነው የነገርኳቸው። አሁን ግን አርጅቻለሁ፣ የሚቆጣኝም ሰው አልቋል፤ እናንተም ብትሆኑ ያን ዓመት ዘር ታቅፋችሁ ሰማይ ሰማይ ያያችሁ ገበሬዎች አይደላችሁምና ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። የተወለድኩት ሸዋ፣ ደጋ አገር፣ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። ይህን የምላችሁ ትውልዴን ለመቁጠር አይደለም፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ከሣር ክዳን ስለሆነ ነው። ጽሕፈት እችል ነበርና ለመንግሥት ሥራ ተቀጥሬ መቀሌ ተላክሁ፤ መዝገብ ቤትም ቁጭ አልኩ። ሥራዬ የመጣን ወረቀት ከሚሄድ ወረቀት መለየት ነበር። ሰው ደግሞ ወረቀት መለየት ከቻለ ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ የተረተው ሰውዬ ያን ጊዜ ወደ ቢሮዬ ብቅ ቢል ኖሮ ሁለቱንም በአንድ ወንበር ላይ ያገኛቸው ነበር።

የተከራየሁት ከአቦይ ሐጎስ ቤት አንዲቱን ክፍል ነው። በዚያ አገር ትልቅ ሰው አቦይ ይባላል፣ አባቴ እንደማለት ነው። አቦይ ሐጎስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በበጋ ግመልና አህያ እየነዱ ወደ አፋር ቆላ ወርደው ጨው ያመጣሉ፤ በክረምት ደግሞ ከኵሓ ወዲያ ባለው መንደራቸው ያርሳሉ። ሚስታቸውም ልጆቻቸውም መንደር ናቸው። የከተማው ቤት እንደ አገሩ ቤት ሁሉ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ጠፍጣፋ አፈር ነው። በወፋፍራም ግንድ ላይ ልምጭ ይረበረብና በልምጩ ላይ አፈር ይደለደላል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ቀና ብዬ አየሁትና "በቁሜ መቃብር ገባሁ" አልኩ። እያደር ግን ለመድኩት። ሐሩሩ ውጭ ድንጋይ ሲሰነጥቅ እቤት ውስጥ ቅዝቅዝ ይላል።

ግንቦት ሲያልቅ አቦይ ሐጎስ ወደ መንደራቸው ሊሄዱ ተነሡ። አህያቸውን ጭነው ሲያበቁ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ጭድ ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ በሥርዓት የተደረደረ አሞሌ ጨው ታየኝ፤ እስከ ወገቤ ይደርሳል።

"ስማኝ ወደይ" አሉኝ። ወደይ ማለታቸው ልጄ ማለታቸው ነው። "ይሄ የምታየው ጨው አይደለም። በሬ ነው።"

እኔም እንደተማረ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ አስረዱኝ። ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱ ሞቶባቸዋል። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ደግሞ የሌላውን ሰው በሬ ለምኖ እስኪያቀናጅ ድረስ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ግማሽ ሰው ነው። በክረምት ወደዚያ እሳት ወደሆነው ቆላ የሚወርድ ስለሌለ ጨው ይወደዳል። ያን ጊዜ ሽጠው ሁለተኛውን በሬ ይገዛሉ።

"ስለዚህ ውሃ እንዳይነካው። ጨው እዚህ እንዳለም ለማንም አትንገር፤ ዘመድ ይበዛብኛል" አሉ። በር ላይ ደርሰው ደግሞ ዘወር ብለው፣ "ዝናብ ሳይመጣ ጣራው ላይ ትንሽ አፈር አልብስበት፣ በእግርህም ደልድለው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው" አሉኝና አህያቸውን ነዱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ያሉት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያሉትን ሠርቼ ብተኛ ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ። በእኛ አገር ክረምት ሲቃረብ አሮጌው ክዳን ተገፍፎ ይጣልና አዲስ ሣር ይከደናል። ባሮጌ ላይ አዲስ የሚደርብ ሰነፍ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስበት ይከርማል። አባቴ ይህን ሲሉ ነው ያደግሁት። የተናገሩት ስለ ሣር መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ለአቦይ ሐጎስ ውለታ ልሥራ፣ ሲመለሱ አዲስ ጣራ ይጠብቃቸው ብዬ ተነሣሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ።

የሚያግዘኝ ሰይድ የሚባል የቀን ሠራተኛ አገኘሁ። ከወሎ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጉልበቱም ደህና የሆነ ሰው ነው። ሲወለድም ሲያድግም እንደ እኔው ሣር ክዳን ሥር ነው። ሁለት የሣር ክዳን ልጆች ዶማና አካፋ ይዘን ባንድ የአፈር ጣራ ላይ ወጣን።

"ይሄ አፈር እኮ ዶማ እንቢ አለ" አለኝ ሰይድ ትንሽ እንደቆፈረ።

"አርጅቷላ" አልኩት።

"ያረጀ ነገር ይላላል እንጂ ይጠነክራል እንዴ?"

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ቆፍር አልኩት። ሁለት ቀን ቆፈርን፤ የወጣውን አፈር ወደ ግቢው አወረድን። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ላይ ከልምጩ በቀር ምንም አልቀረም። ጓዳ ገብቼ ቀና ስል ሰማዩ በልምጩ መካከል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ንጹሕ ሥራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን አደይ ለተ ይባላሉ። አደይ እናቴ እንደማለት ነው። አቧራው ቢያስነጥሳቸው ሊያዩ መጡ። ግቢው መካከል ቆመው መጀመሪያ ቁልሉን አፈር፣ ቀጥለው ጣራውን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

"ምን እየሠራህ ነው፣ ወደይ?" አሉኝ።

"ጣራ አድሳለሁ።"

አደይ ለተ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። "ያ አፈር እኮ የሐጎስ አያት የረገጡት ነው" አሉ። "ከዚያ አባቱ ረገጡት። ከዚያ እሱ ራሱ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ፣ በየዓመቱ እየረገጡ፣ ድንጋይ ያደረጉት አፈር ነው። ጣራ የሚባለው እኮ እሱ ነው።"

ሰይድ ከላይ ሆኖ ዶማውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"መልሰን እናለብሰዋለን" አልኩ።

"አሁንማ ዱቄት አድርገኸው። ደረቁን ብትመልሰው እንደ ወንፊት ያፈሳል። በጭድና በውሃ ማቡካት፣ እርጥቡን መርገጥ፣ ከዚያ ፀሐይ ማስመታት ነው የሚያስፈልገው" አሉና ወደ ሰማዩ አዩ። "ውሃ የት አለ?"

ውሃ የትም አልነበረም። ሰኔ ተጋምሷል፣ ሰማዩ ግን እንደ ተወለወለ ሰሐን ነው። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሆኗል፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች አንዲት ምንጭ ብቻ ጠብ ጠብ ትላለች። ያለሁበትን ጣጣ አሁን ተረድታችሁልኛል ብዬ አስባለሁ። ጣራውን ለመዝጋት ውሃ ያስፈልገኛል። ውሃ የሚመጣው በዝናብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በተከፈተው ጣራ ገብቶ የአቦይ ሐጎስን በሬ ያቀልጠዋል።

"የሚበላሽ ነገር ካለህ ወደ እኔ ቤት አምጣው" አሉኝ አደይ ለተ ሲነሡ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር።

"የሚበላሽ ምንም ነገር የለም" አልኩ። ለማንም አትንገር ተብያለሁ፤ አደራ አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የእኔ ሰማይ ግን ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ጓዳዬ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ጣልያን የተወውን ሁለት የቤንዚን ቆርቆሮ አንጠልጥዬ ምንጩ ዘንድ ሄድኩ። ሴቶቹ እንስራቸውን በሰልፍ ደርድረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የቢሮ ልብስ የለበሰ ወንድ ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ ደነገጡ። የታመመ ሰው ያለብኝ መሰላቸውና አዘኑልኝ፤ ወደ ፊት አሳለፉኝ። ተራዬ ሊደርስ ሲል አንዲቱ፣ "ለማን ነው ውሃው፣ ወንድሜ?" አለችኝ። እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ።

"ለጭቃ ነው" አልኩ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ብድግ አለችና ቆርቆሮዎቼን አንሥታ ከሰልፉ ጫፍ ወስዳ አስቀመጠቻቸው። "የልጆቻችን ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ አንተ አፈር ታጠጣለህ?" አለችኝ። ቁጣዋ እውነት ነበር። የምንጯ ደንብ መጀመሪያ ለጉሮሮ፣ ቀጥሎ ለከብት፣ ከዚያ ለሌላው ነው። ለሌላው ተራ ሲደርስ ምንጯ ጭቃ እንኳ አልቀራትም። ባዶ ቆርቆሮ እያንኳኳሁ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ በቤት ያለውን መቆጠብ ጀመርን። ፊቴን የታጠብኩበትን አልደፋም። ሰይድ ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ ለስግደት የሚታጠብበትን በገበቴ ያጠራቅምልኛል። እሱ በቀን አምስት ጊዜ፣ እኔ አንድ ጊዜ ስለምንታጠብ ከጣራችን ጭቃ ከስድስት እጅ አምስቱ የሰይድ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ለፍተን በሳምንት የመሶብ ክዳን የምታህል ቦታ ለጠፍን። እኔ በሐሳቤ ሳሰላው በዚህ አካሄድ ጣራው የሚያልቀው ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ሰይድ "እኛም ዐርብ ዕለት ሜዳ ወጥተን፣ ልብሳችንን ገልብጠን ለብሰን ለዝናብ ሰግደናል፤ አላህ ይሰማናል ኢንሻላህ" አለኝ ደስ ብሎት። እኔን ለማጽናናት ነበር ያለኝ። ከሁለት ወገን መከበቤን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ጨው ጭስ ይወዳል፣ ጭስ የጠጣ ጨው ውሃ አይደፍረውም ሲሉ ሰምቼ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ መሥራት ያን ሰሞን ልማዴ ሆኗልና ጓዳ ውስጥ ኩበት ደርድሬ ለኮስኩ። ጣራ ያለው ቤት ውስጥ ጭሱ ይታፈንና ጨውን ያጥነዋል። ጣራ የሌለው ቤት ውስጥ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። መቀሌ ሁሉ አየው። "ቤት ተቃጠለ" ተባለና ሰው ከየአቅጣጫው ሮጠ። ውሃ ስለሌለ አንዳንዱ አፈር በእንቅብ ይዞ መጥቶ ወደ ጣራው ወረወረ፤ አፈሩም በልምጩ መካከል አልፎ እላዬ ላይ ወረደ። እኔ አፈር ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከገቡ ጨውን ያዩታል።

"ምንም አይደለም፣ ቁርስ እየሠራሁ ነው" አልኩ።

አደይ ለተ ከሰው መካከል ወጣ ብለው፣ "በኩበት ጭስ የሚበስል ምን ዓይነት ቁርስ ነው?" አሉኝ። "የሸዋ ነው" አልኳቸው። ሸዋ ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናብ ግን አልመጣም። ምህላ ታወጀ። ከተማው ከነልጁ ከነሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰበሰበ። እናቶች ሕፃናት እያለቀሱ ይለምኑ ብለው ጡት ከልክለዋቸዋል፤ የሕፃናቱ ለቅሶና የካህናቱ ዜማ ተደባልቆ ሆድ ያባባል። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ከሕዝቡ መካከል ቆምኩ። አርባ አንድ እግዚኦ ነው የሚባለው። አፌ እግዚኦ ይላል፣ ሆዴ ቆየት ይበል ይላል። ወደ ሃያኛው ግድም በምሥራቅ በኩል መዳፍ የምታህል ደመና ብቅ አለች። ሕዝቡ ድምፁን ከፍ አደረገ። የእኔ ድምፅ ጠፋ። ደመናዋ ጥቂት ቆማ አየችንና ሟሟች።

በኋላ ካህኑ ሲያስተምሩ፣ "ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲለምን ልቡ ከሕዝቡ ያልሆነ ሰው ካለ ልመናችን ይጎድላል" አሉ። ሁልጊዜ የሚባል ነገር ነው፤ በጠቅላላው ስለ ኃጢአት ነው የተናገሩት። እኔ ግን በስሜ የጠሩኝ መሰለኝና ከፊት ለፊቴ ከቆመ ትልቅ ሰውዬ ጀርባ ተደበቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር አንዲት ላም ተኝታ አየሁ፤ መነሣት አቅቷት ባለቤቷ ጭራዋን ይዞ ያነሣታል፣ መልሳ ትወድቃለች። መሬቱ የሰው እግር እስኪውጥ ድረስ ተሰነጣጥቋል። እኔ ደግሞ ደመናዋ ስለ ጠፋች ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር። በራሴ አፈርኩ።

አፍሬም ግን ጨው ጨው ነው። ጭዱ ላይ ቁርበት፣ ቁርበቱ ላይ ፍራሼን፣ ፍራሹ ላይ ጋቢዬን ደረብኩ። እኔ መሬት ላይ ስተኛ ጨውዬው እንደ ጌታ ተደላድሎ ይተኛል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ብለው የተረቱት ጨው የሚጠብቅ ሰው አይተው አያውቁም።

በሳምንቱ እንደገና ምህላ ሆነ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆመዋል፤ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ባዶ እግራቸው ላይ አቧራው እንደ ዱቄት ተቀምጧል። አንገታቸው ላይ ትንሽ ከረጢት አንጠልጥለዋል። ውስጡ ዘር ነበር። ፈጣሪ ያየው ዘንድ ነው መሰለኝ ይዘውት የመጡት፤ እግዚኦ ባሉ ቁጥር ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ከፍ ያደርጉታል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ላለማየት ፊቴን አዞርኩ፤ ግን ክንዳቸው ክንዴን ይነካኛል፣ መንቀጥቀጡ ይሰማኛል። ሠላሳኛው ላይ ይሁን ሠላሳ አንደኛው ላይ ልቤ ተሸነፈ። ጨውም በሬም አቦይ ሐጎስም ከሐሳቤ ጠፉና አንድ እግዚኦ ከልቤ አልኩ። አንድ ብቻ ናት። ከአርባ አንዱ አንዷን።

ፈጣሪ ያቺኑ ሰማ። ከየት እንደ መጣ ያላየነው ደመና አናታችን ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ የሽማግሌው ከረጢት ላይ ጧ ብላ ወደቀች። ከዚያ ሰማዩ ተለቀቀ።

ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ፤ እርጥቡን መሬት የሚስም አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ እልል የሚል አለ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ተነሥቶ የሮጠው አንድ ሰው ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የተደፋውን ሰው እየዘለልኩ ቁልቁል በረርኩ። "ደስታ አሳበደው" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ሴቶቹም እልልታውን ጨመሩልኝ።

እቤት ስደርስ ዝናቡ ውጭና ውስጥ እኩል እየዘነበ ነው። እንዲያውም ውስጥ የሚዘንበው ከልምጩ ላይ የተረፈውን አፈር እያጠበ ስለሆነ ይብሳል። ጋቢዬ ረስርሶ ተጣብቋል፣ ፍራሼ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። የማደርገው ቢጠፋኝ ጥላዬን ዘርግቼ ጨው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የአንድ ሰው ጥላ የሚከልለው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ እኔ አልረጠብኩም። ከሥሬ ግን ጨውዬው ቀስ እያለ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ መጣ፤ አብሬው ወረድኩ።

በሩ ተከፈተና አደይ ለተ አራት ሴቶችና ሰይድን አስከትለው ገቡ። ሁሉም እንቅብ ይዘዋል።

"ተነሥ፣ ጨውን እናውጣ" አሉኝ።

"የምን ጨው?" አልኳቸው እላዩ ላይ ተቀምጬ።

"ኣንታ፣ ሐጎስ እኮ በየዓመቱ እዚያችው ጥግ ነው የሚያስቀምጠው። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አምጣው ብዬህ አልነበር? ተነሥ አሁን።"

ተነሣሁ። አምስት ሴቶችና ሰይድ ዝናብ እየወረደባቸው ተመላልሰው ያልቀለጠውን ወደ አደይ ለተ ቤት አሻገሩት። ግማሹ ተረፈ። ግማሹ ደግሞ ነጭ ውሃ ሆኖ በበሩ ሥር ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተሰራጨ፣ መሬቱም ጠጣው።

አቦይ ሐጎስ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጡ። ከጉልበታቸው በታች ጭቃ ነው፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቷል። ሲገቡ ግቢው በሰው ከብት ሞልቷል። ላሙ፣ ፍየሉ፣ አህያው ሁሉ ጨው ሸትቶት መጥቶ መሬቱንና ግድግዳውን ይልሳል፤ ሰይድና እኔ ብናባርርም በአንድ በኩል ስናስወጣ በሌላው ይገባል። አቦይ ሐጎስ ከብቱን አልፈው ቤት ገቡ። ወደ ላይ አዩ፣ ሰማይ ነው። ወደ ታች አዩ፣ ጭቃ ነው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጠንቁለው ቀመሱት።

"የእኔ ነው" አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋኝ። ያደረግሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሣር ክዳኑን፣ ምንጩን፣ ጭሱን። ይባስ ብዬ ያልጠየቁኝን ጨመርኩላቸው። "ለእርስዎ ብዬ አቦይ፣ ዝናቡ እንዲዘገይ ስለምን ነበር" አልኳቸው። እንደ ውለታ ይቆጠርልኛል ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። "ጣራውን ማፍረስህ አለማወቅ ነው" አሉ። "ጨውም ውሃ ሲያገኘው መቅለጡ ጠባዩ ነው። ግን እኔ እዚያ ዘሬን ታቅፌ፣ ልጆቼን አስጹሜ ስለምን፣ አንተ እዚህ በእኔ ስም ትከለክል ነበር? በሬ ኖሮኝ ዝናብ ባይኖር በሬውን ምን ላደርገው ነው? ለፋሲካ ላርደው ነው?"

ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። ለካ ወር ሙሉ የጠበቅሁላቸው ጨው እንጂ እሳቸውን አልነበረም። ይህን ለማሰብ መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ምናልባት አለመሆን ነው የሚያስፈልገው።

ውሃ ሞልቷልና ያን ዕለት ጭቃውን አቡክተን ጣራውን ለጠፍነው፤ አቦይ ሐጎስ፣ ሰይድና እኔ በባዶ እግራችን ረገጥነው። ሥራው ሲያልቅ አቦይ ሐጎስ እግራቸውን እየታጠቡ፣ "የተረፈው ጨው በሬ አይሆንም፤ የጎረቤቴን በሬ አቀናጃለሁ። ሰውዬው ደግሞ ለበሬው ምትክ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። የሚሠራለትን ሰው መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

ታመምኩ ብዬ ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ። ሁለት ሳምንት መንደር ከረምኩ፤ አንድ ቀን ለአቦይ ሐጎስ፣ አንድ ቀን ለባለ በሬው። ጓል ከሰከስኩ፣ ድንጋይ ለቀምኩ፣ አረም ነው ብዬ ቡቃያ ነቀልኩና ተቆጡኝ። ባለ በሬው ሦስተኛው ቀን ላይ ለአቦይ ሐጎስ፣ "በሬዬን ሰጥቼህ ይሄን ነው የሰጠኸኝ?" ሲላቸው ሰምቻለሁ። አቦይ ሐጎስም "ይለምዳል" አሉት።

የመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከበጋው ብሳ ወጣች። አቦይ ሐጎስ ሞፈሩን አቆሙ። ውሃው ራቅ ያለ ቦታ ነው፤ አንድ እንስራ ብቻ ይዘን ነበር የወጣነው። በገበቴ ቀድተው መጀመሪያ ለበሬዎቹ ሰጡ፤ ጠግበው ራሳቸውን እስኪያነሡ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ቀጥለው በቅል ቀዱና ወደ እኔ መጡ። "ጠጣ፣ ወደይ" አሉኝ። ጨው ከቀለጠ ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ ወደይ ብለውኝ አያውቁም ነበር። እስኪበቃኝ ጠጣሁ። እንስራው ሥር የቀረችውን እሳቸው አንጋጠው ጠጧት። ከበሬው ዝቅ፣ ከራሳቸው ከፍ አድርገው አስቀመጡኝ ማለት ነው። በመንግሥት ሥራ ሠላሳ ዓመት ስኖር ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ እንዲህ ያለ ሹመት ግን አግኝቼ አላውቅም።